ሁለት ስም ያለው አውሮፕላን

እንቁ ዳኘው ከተሳፈረችበት መኪና ወርዳ በሌላ መኪና አትሄድም። ይህን ጠባይዋን ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ያለ ረዳት ሁሉ ያውቀዋል። ዛላ በርበሬ ከጅጋ ገበያ እየገዛች ፍኖተ ሰላም፣ ሲቀናትም ባሕር ዳር ድረስ እየወሰደች ስትሸጥ ነው የኖረችው። ማዳበሪያዎቿ ጣራ ላይ ከታሰሩ በኋላ መኪናው ቢበላሽ እንኳ እሷ ወንበሯን አትለቅም። አንድ ጊዜ ከጅጋ መውጫ ላይ ጎማ ፈንድቶ፣ ሰው ሁሉ ከኋላ በመጣ መኪና ሲሄድ እሷ ከሾፌሩ ጋር ዛፍ ሥር ተቀምጣ ቆሎ ስትቆረጥም ዋለች። ማታ ስትመጣ፣ “ምን ሆነሽ ነው የቀረሽ?” ብላት፣ “ምንም አልሆንኩ፣ ጎማ ሲቀየር ነበር” አለችኝ።

ሰው ግትር ይላታል። እኔ ግን ጠባዩ ከየት እንደመጣ ስለማውቅ ምንም አልላትም። ጎረቤቷ ነኝ፣ ግድግዳችን አንድ ነው። እሷ ስታስነጥስ እኔ ይማርሽ እላለሁ።

ነገሩ የመጣው ውቢት ከተወለደች ጊዜ ነው። እንቁ የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ እናቷ እማማ አቻምየለሽ ከዳንግላ ወዲያ ሊበን ገጠር ነበሩ። ያኔ ስልክ የለም፤ “ወሯ ገብቷል፣ ይምጡ” ተብሎ በገበያተኛ ተላከባቸው። እሳቸውም ለገንፎው የሚሆን የገብስ ዱቄትና ቅቤ ይዘው፣ ግማሹን በእግር ግማሹን በመኪና ዳንግላ ደረሱ። ከዳንግላ ፍኖተ ሰላም የሚያደርሳቸውን ከፍለው ተሳፈሩ። መኪናው ቡሬ ሲደርስ ሾፌሩ ሰው አልሞላልኝም ብሎ፣ “ያው ነው እናቴ፣ ይሄም ይሄዳል” እያለ ተሳፋሪውን በሙሉ ለሌላ መኪና ሸጠው። ያኛው መኪና ደግሞ እስኪሞላ ቆመ፤ ሳይሞላ መሸ፤ ሾፌሩም ቁልፉን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። እማማ አቻምየለሽ ቅቤያቸውን አቅፈው ቡሬ አደሩ።

እንቁ በማግስቱ ጧት ወለደች። ጀርባዋን ደግፌ የያዝኳት እኔ ነበርኩ። ምጡ በመጣ ቁጥር፣ “ማርያም ማርያም” በምንልበት መሃል እሷ “እናቴን ጥሩልኝ” ነበር የምትለው። ከየት እንጥራ? እማማ አቻምየለሽ የደረሱት ፀሐይ አናት ላይ ሆና ነው። ቅቤው ቀልጦ ቀሚሳቸው ላይ ወርዷል። እንቁ ከተኛችበት ቀና ብላ፣

“የት ቆየሽ እናቴ?” አለች።

“ቡሬ” አሉ እማማ አቻምየለሽ። መደቡ ላይ ተቀመጡና ልጂቱን ተቀበሉ።

ከዚያ ወዲህ እነ እንቁ ቤት የዘገየ ሰው ሁሉ ቡሬ ነበር ማለት ነው። ውቢት ከትምህርት ቤት ስትዘገይ፣ “ቡሬ ነበርሽ?” ይሏታል። ወጡ ሲዘገይ ቡሬ ነው። ዝናቡም ሰኔ ላይ ሲጠፋ ቡሬ ቆሟል ይባላል። ይሳቃል። እማማ አቻምየለሽ ግን አብረው አይስቁም ነበር፤ አፈር እስኪለብሱ ድረስ ያን ቀን ሲያነሱባቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ይስቡታል። እንቁም ይህን ስታይ ኖራለች።

ውቢት ተማረች፣ ነርስ ሆነች፣ ክንፈሚካኤል የሚባል የጎንደር ልጅ አግብታ ጀርመን አገር ሀምቡርግ ገባች። ባለፈው ዓመት አረገዘች። የእናቷን ቪዛ ጨርሳ፣ “እማዬ፣ ትኬቱን ከዚህ እቆርጥልሻለሁ” ብትላት እንቁ አሻፈረኝ አለች።

“ፊቱን ካላየሁት ሰው ትኬት አልገዛም። እዚሁ ሠርክአዲስ አለችልኝ።”

ሠርክአዲስ መናኸሪያው አጠገብ አስፋልቱ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይታ የአውሮፕላን ትኬት የምትሸጥ ልጅ ናት። ፎቶም ታነሳለች፣ ወረቀትም ትገለብጣለች። ኔትወርክ ሲጠፋ የሰዉን ፓስፖርት ይዛ ባሕር ዳር ሄዳ አስቆርጣ ትመለሳለች። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ በሯን ዘግታ ትቀመጣለች። ጥሩ ልጅ ናት፣ ሰው አታንጓጥጥም። አብሬያት ሄድኩ።

ሠርክአዲስ ኮምፒውተሯን አየት አየት አድርጋ፣ “እማማ እንቁ፣ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በእኛው አየር መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርትም በእኛው። ከፍራንክፈርት ሀምቡርግ ቅርብ ናት፤ እሷን ሌላ አየር መንገድ ያደርስዎታል” አለች።

“ማን ነው ሌላው?”

“የዚያው አገር ነው። ከእኛ ጋር ሽርክና አላቸው። ትኬቱ ግን አንድ ነው፤ የእኛ ቁጥር ነው ያለበት።”

“ትኬቱ የእናንተ፣ መኪናው የሰው?”

“አውሮፕላን ነው እማማ።”

“ጠባዩ አንድ ነው። ፍራንክፈርት ላይ ልትሸጭኝ ነው።”

“ኧረ በማርያም! መሸጥ አይደለም። ተስማምተው ነው እኮ፤ እኛ የማንደርስበትን እነሱ ያደርሳሉ፣ እነሱ የማይደርሱበትን እኛ...”

“ቡሬ ላይም ሸጥኩሽ ያለ የለም፤ ያው ነው፣ ይሄም ይሄዳል ነው የሚሉት። እስከ ቤቷ በአንዱ የሚያደርሰኝን ፈልጊልኝ።”

“እስከ ሀምቡርግ የሚሄድ የእኛ አውሮፕላን የለም። በሌላ በኩል ልዙር ካሉም ያው መውረድ መሳፈር አለው። እንዲያውም ይብሳል።”

“እንግዲያውስ አልሄድም” አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ወንበሩ ላይ ቀረሁ። ሠርክአዲስ ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

“እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?” አለችኝ።

“አንቺ ምንም አላጠፋሽ። ከአንቺ ልደት በፊት የሆነ ነገር ነው” አልኳትና የእማማ አቻምየለሽን ነገር ነገርኳት።

እንቁ አልሄድም አለች እንጂ አላረፈችም። ግድግዳችን አንድ ነው ብያለሁ፤ ስትንጎራደድ ይሰማኛል። ገብሷን አስፈጭታ ጨርሳለች፣ በርበሬዋን ደልዛለች፣ ቅቤዋን አንጥራለች። ውቢት በስልክ፣ “እማዬ፣ መቼ ነው የምትመጪው? የመውለጃ ወሬ እኮ ገባ” ስትላት፣ “እየመጣሁ ነው” ትልና ስልኩን ዘግታ ቁጭ ትላለች። አንድ ቀን በር ላይ አግኝታኝ፣

“ብሄድ እሸጣለሁ፣ ብቀር ብቻዋን ትወልዳለች። አንቺ ብትሆኚ የቱን ታደርጊ ነበር?” አለችኝ።

“እኔ የበርበሬ ነጋዴ አይደለሁ፤ እሄድ ነበር።”

“አንቺማ ተሸጠሽ አታውቂም።”

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሠርክአዲስ ነጠላዋን እንዳጣፋች ራሷ ቤት ድረስ መጣች። ቁጭ በይ ቢሏት እምቢ ብላ እንደ ቆመች ጠየቀች።

“እማማ እንቁ፣ የክርስትና ስምዎ ማን ነው?”

“ወለተ ኪዳን።”

“መንገድ ላይ ወለተ ኪዳን ብሎ የሚጠራዎት አለ?”

“ማን አውቆት!”

“ቄሱስ እንቁ ብለው ያቆርቡዎታል?”

“እንዴት ተደርጎ!”

“ታዲያ ሁለት ሰው ነዎት?”

“አንድ ነኝ እንጂ። ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?”

“አውሮፕላኑም እንደዚያው ነው። ከፍራንክፈርት ሀምቡርግ የሚሄደውን የእኛ ሰዎች በአንድ ስም ይጠሩታል፣ የዚያ አገር ሰዎች በሌላ ስም። የሚነሳው ግን ያው አንዱ ነው። ትኬትዎ ላይ ያለው በእኛ ስሙ ነው። እዚያ ሲደርሱ በሌላ ስም ቢጠሩት አይደንግጡ። አልተሸጡም።”

እንቁ፣ “ክርስትና የተነሳ አውሮፕላን ነው በይኛ” አለች።

“እንደሱ ይሁንልዎት።”

“እንደሱ ከሆነስ ይቆረጥ።”

እኔም እዚያው ነበርኩ፣ ደህና አድርጎ የገባኝ መስሎኝ ነበር። ለእንቁ የገባት ሌላ ነገር መሆኑን ግን ሠርክአዲስም እኔም አላወቅንም። እንቁ መልሳ ብትጠይቅ ኖሮ እናውቅ ነበር፤ እሷ ግን ገብቶኛል ብላ ተወችው።

ሠርክአዲስ ትኬቱን ቆርጣ ስታመጣ፣ “ተሽከርካሪ ወንበርም ጠይቄልዎታለሁ” አለች።

“እግሬ ምን ሆነ?”

“እግርዎ ደህና ነው እማማ። ወንበሩን የሚገፋው ልጅ መንገዱን ያውቃል፤ ለሱ ነው።”

“ተቀምጬ ስገፋ አይተው ሞተች ቢሉስ?”

“እዚያ የሚያውቅዎት የለም።”

እስከ ባሕር ዳር ልሸኛት አብሬያት ተሳፈርኩ። ሚኒባሱ ቡሬ ገብቶ ቆመ። የሚወርደው ወርዶ ሦስት አራት ሰው ቀረን። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አስገብቶ፣

“እናቶች፣ ወደዚያኛው ተሻገሩ፤ ያው ነው፣ ተነጋግረናል” አለን።

ሌሎቹ ወረዱ። እንቁ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ደለደለች።

“እናት፣ ለእርስዎ ብቻ ልንዳ?” አለ ሾፌሩ ዞሮ።

“ለእኔ ብቻ ንዳ። ባሕር ዳር ብዬ ከፍያለሁ።”

“አውሮፕላን ያመልጣቸዋል!” አልኩ እኔ።

“አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው ለምን በታክሲ አይሄድም?” ብሎ እያጉረመረመ፣ መንገድ ላይ የሚያነሳውን እያነሳ ወሰደን። እንቁ ግን ለሱ ነገር ጆሮም አልሰጠችው። ከመናኸሪያው ስንወጣ በመስኮቱ በኩል አንድ ቦታ እያየች፣ “እናቴ የቆመችው እዚያ ጋ ነው አሉ” አለችኝ። ዘወር ብዬ ሳይ ባጃጆች ቆመውበታል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ተመልሳ ስትመጣ ደጃፌ ላይ በርበሬ እየቀነጠሰች ነው የነገረችኝ። እሷ እንደነገረችኝ እጽፈዋለሁ።

አዲስ አበባ ድረስም ፍራንክፈርት ድረስም ደህና ሄደች። ፍራንክፈርት ላይ አንድ ረጅም ልጅ ስሟን ወረቀት ላይ አይቶ ወንበር ላይ አስቀመጣትና ብዙ ገፋት፤ በራሱ የሚሄድ ወለል ላይ አወጣት፣ በሩ ራሱ የሚዘጋ ክፍል ውስጥ አስገባት፣ መጨረሻ አንድ በር ፊት ለፊት አውርዶ በእጁ “እዚህ ጠብቂ” አላት። ተቀመጠች። በሩ ፊት ሰዎች ተሰለፉ። መጥራት ተጀመረ። የፈረንጅ ንግግር ከመጣ በኋላ፣ “ኤንኩ ዳግኒው” ይላል ድምፅ ማጉያው። ዝም አለች። እንደገና፣ “ኤንኩ ዳግኒው።” ዝም። ሰልፉ ገብቶ አለቀ። በሩ ላይ ያለችው ሴት ወጣ ብላ ግራ ቀኝ አየች። እንቁ ጭራሽ አቀረቀረች።

“አልሰማሽም ነበር?” አልኳት።

“ሰማሁ እንጂ! እንደ ሕፃን ተኮላተፈ እንጂ የኔ ስም ነው።”

“ታዲያ ለምን አልተነሳሽም?”

“እንቁ ብሎ ጠራኛ! ይሄኛው በክርስትና ስሙ የሚጠራው አውሮፕላን ነው። በቀድሞው በዓለም ስሜ መጣሁ፤ በዚህኛው ወለተ ኪዳን ብለው ነው የሚጠሩኝ ብዬ። ቅዳሴ ላይ በዓለም ስሙ ተጠርቶ የሚቆርብ አይተሽ ታውቂያለሽ?”

“አላየሁም።”

“እንቁ እንቁ የሚለኝን ደላላ ነው አልኩ። ቡሬም እኮ ስምሽን ጠይቀው ያወቁ ዕለት ነው እየጠሩ ወደ ሌላ መኪና የሚጎትቱሽ። ቀና ብል ይወስደኛል ብዬ አቀረቀርኩ።”

በሩ ተዘጋ። አውሮፕላኑ ወደ ኋላ ሲሄድ በመስተዋቱ አየችው። የሷ መሆኑን አላወቀችም።

ቆይቶ፣ ከፊት ለፊቷ ዳቦ የምትሸጥ ልጅ ነጠላዋን አይታ መጣች። ሀኒ ትባላለች፣ የአዲስ አበባ ልጅ ናት።

“እማማ፣ ደህና ነዎት? ብቻዎን ቆዩሳ። ስምዎ ማን ነው?”

“የትኛው?”

“እንዴ! ስንት አለዎት?”

“ሁለት ነዋ። አንቺ ክርስትና አልተነሳሽም?”

“ተነስቻለሁ...”

“እንግዲያውስ!”

ሀኒ ወረቀቷን ተቀብላ አየች። “እማማ! ይሄ እኮ ሄደ! ስምዎን ሲጠሩ ነበር፤ እኔ እዚያ ሆኜ ሰምቻለሁ።”

“እኔም ሰምቻለሁ።”

“ታዲያ?”

“ወለተ ኪዳን አላሉም።”

ሀኒ መጀመሪያ አልገባትም። እንቁ ስታስረዳት ወንበሩን ተደግፋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ቀና ብላ የእንቁን ፊት ስታይ ግን ሳቋን አቆመች። ስልኳን አውጥታ ወረቀቱ ላይ ባለው ቁጥር ክንፈሚካኤል ጋ ደወለች።

“እማማ ደረሱ? የት ናቸው?” ይላል። “ምጥ ይዟታል፣ ሆስፒታል ነን።”

እንቁ ስልኩን ተቀበለች። እሱ ሲያወራ ከበስተኋላው የውቢት ድምፅ ይሰማታል። ምን እንደምትል አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳት፤ እሷ ውቢትን ስታምጥ ጀርባዋን የያዝኩት እኔ አይደለሁ? አውቀዋለሁ።

ሀኒ ዳቦዋን ለጓደኛዋ ትታ፣ እንቁን ይዛ ትኬት ቤት መስኮቱ ጋ ሄደች። ነገሩን በዚያ አገር ቋንቋ ለመስኮቷ ሴት ነገረቻት። ሴትዮዋ አልሳቀችም። “ስሟ ሁለት ከሆነ ፓስፖርቷ ላይ ያለው የትኛው ነው?” ብላ ጠየቀች። እንቁ የሚለው ነው። “እንግዲህ ለእኛ እሱ ብቻ ነው” አለችና፣ ትኬቱ ከቤቷ ጀምሮ አንድ ሆኖ የተቆረጠ ስለሆነ በሚቀጥለው እንልካታለን ብላ ሌላ ወረቀት ሰጠቻት። ሻንጣዋንም፣ ባለቤቱ ስላልተሳፈረች ብለው፣ ከነበርበሬው ከነገብሱ ከአውሮፕላኑ ሆድ አውርደውት ነበር። ይህ እንቁን ደስ አሰኛት።

“በዚህስ ከእኛ ይሻላሉ። ቡሬ ብሆን ኖሮ በርበሬዬ ያለኔ ሄዶ ሌላ ሰው ይሸጠው ነበር” አለችኝ።

በሁለተኛው ጊዜ ሀኒ አጠገቧ ተቀምጣ ጠበቀቻት። ድምፅ ማጉያው ገና “ኤን” ሲል እንቁ ብድግ ብላ፣ “አቤት!” አለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት።

ሠርክአዲስ ይህን ስትሰማ ደንግጣ ነበር። አሁን እንዲህ ያለ ሁለት ቁጥር ያለው ትኬት ስትሸጥ የክርስትና ስም አታነሳም። “ብቻ ከተጠሩ ይነሱ” ትላለች፣ “በየትኛውም ስም ይሁን።” እንቁንም ይቅርታ ልትጠይቃት መጥታ ነበር። እንቁ፣ “አንቺ እውነቱን ነው የነገርሽኝ፤ እኔ ነኝ የጨመርኩበት” ብላ አንድ ጆግ በርበሬ ሰጥታ ሸኘቻት።

እንቁ ያን ዕለት ሀምቡርግ ስትደርስ ክንፈሚካኤል በር ላይ ቆሞ ነበር። ዓይኑ ደፈራርሷል፤ እቃዋን ተቀበላት። “እንኳን ማርያም ማረቻት” አላት። ወልዳለች ማለት ነው። እንቁ በመኪናው ሁሉ የገብስ ዱቄቷን ጭኗ ላይ ይዛ ሄደች።

ክፍሉ ነጭ ነው፣ አልጋው ከፍ ያለ ነው። ውቢት ልጂቱን ደረቷ ላይ አድርጋ ተኝታለች። እናቷ ስትገባ ቀና አለች። ፊቷ አብጧል።

“የት ቆየሽ እማዬ?” አለች።

እንቁ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበችው። “ቡሬ” አለች።

ውቢት ሳቅ ጀመራት። ስፌቷ ስለሚያማት ሆዷን በእጇ ይዛ ሳቀች፤ አይ እማዬ፣ አታስቂኝ ትላለች፣ ደግሞ ታለቅሳለች። ክንፈሚካኤል ከአንዷ ወደ አንዷ ያያል።

“ፍራንክፈርት ውስጥ ቡሬ የሚባል አለ እንዴ?” አለ።

እንቁ እጇን ታጥባ መጣችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ልጂቱን ተቀበለች።